ስክሪኑን ወደ ባለቤቱ አዙሮ መሥራት

የሱቁን ቁልፍ ለከፊሌ፣ ማለት ፈቃዴን ለያዘው አሠሪዬ፣ ባስረከብኩ ዕለት፣ «ይመር፣ ከእንግዲህ ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ። «ወገቤን ላሳርፍ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ዕድሜ ልኩን የኮምፒውተር ኬዝ ላይ ጎንብሶ የኖረ ወገብ ከዚህ በላይ እሺ አይልም። ዐይኔም ማዘርቦርድ ላይ የሚጻፉትን ደቃቅ ፊደላት ማንበብ ካቆመ ሰንብቷል። በመጨረሻው ዓመት ትንሽ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ነበር የምሠራው፤ ደንበኛ ጥያቄ ሲጠይቀኝ በአፍንጫዬ ነበር የምመልስለት።

ደግሞ እኔ ጡረታ ሳልወጣ ሥራው ቀድሞኝ ወጥቷል። ዛሬ በዚህ የዐረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ ዴስክቶፕ ተሸክሞ ወደ ሱቅ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ሰው ሁሉ ጉዳዩን በስልኩ ይጨርሳል። የስልክ ጥገናውን ደግሞ የአገሩ ልጆች ይዘውታል፤ ይቅናቸው። እኔ የዴስክቶፕ ሰው ነኝ። ክዳኑ ሲነሳ ሆድ ዕቃው የሚታይ፣ እጅ የሚያስገባ፣ ሀርድ ዲስኩ በብሎን የሚታሰር ማሽን ነው የለመድኩት። አሁን ኹሩጅ ኒሃኢ የሚሉት የመጨረሻ መውጫ ወረቀቴ እስኪያልቅ ቤት ተቀምጬ፣ እጄ ሥራ ቢያጣ ጊዜ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ከወሎ ስመጣ ኮምፒውተር በሩቁ እንጂ በቅርብ አላየሁም ነበር። ከፊሌ አቡ ናስር የቀጠረኝ ሱቅ እንድጠርግና ሻይ እንዳቀርብ ነው። አቡ ናስር ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው የሚሸጥበትን ዋጋ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ሰው ፊት አንድም ቀን አላዋረደኝም፤ ኢቃማዬንም ሳላስታውሰው ያሳድስልኝ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ የተቃጠለበት ሰው ምን እንደሚደርስበት እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አንድ ሱዳናዊ ናቸው፤ ኢድሪስ ይባላሉ። ዓም በዐረብኛ አጎት ማለት ስለሆነ ሁላችንም ዓም ኢድሪስ ነበር የምንላቸው።

ዓም ኢድሪስ ማሽን ከመክፈታቸው በፊት ገመዱን ይነቅሉና የማብሪያውን ቁልፍ ትንሽ ይጫኑታል፤ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። ከዚያ ዝም ብለው መዳፋቸውን የኬዙ ብረት ላይ ያሳርፋሉ። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ እኔም አብሬያቸው ዝም እል ነበር። ለካ በሰው ገላ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዲስኩን እንዳያቃጥለው ኖሯል። ስጠይቃቸው፣ «ዝም ማለትህ ግን ጥሩ ነው፣ ቀጥልበት» አሉኝ።

ብሎኖችን በሁለት የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ለይተው ያስቀምጣሉ። የሀርድ ዲስክ ብሎን ጥርሱ ሻካራ ነው፤ የሲዲ ማጫወቻው ደቃቅ ነው። አንዱን በሌላው ቀዳዳ በግድ ያሰረ ሰው ክሩን አስበልቶ ያበላሸዋል። ሰሃኖቹን ካምታታሁባቸው ቀኑን ሙሉ አያናግሩኝም። ያን ጊዜ በአንድ ሰፊ ኬብል ላይ ሁለት ዲስክ ይገጠም ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም የሚወሰነው ዲስኩ ጀርባ ላይ በምትሰካ ጥፍር በምታክል ፕላስቲክ ነው። የመመሪያው ወረቀት አንዱን ጌታ፣ ሌላውን ባሪያ ይለዋል። ዓም ኢድሪስ እነዚያን ቃላት በአፋቸው አያነሱም። «ታላቅየው የቱ ነው? ታናሽየውስ?» ነበር የሚሉኝ። ኋላ ኬብሉ ቀጥኖ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ሲመጣለት፣ «ተገላገሉ» አሉ።

ከሁሉ የበለጠው ልማዳቸው ግን ስክሪኑ ነበር። እዚህ አገር የቤተሰብ ኮምፒውተር ሲበላሽ ብዙ ሰው ሀርድ ዲስኩን ነቅሎ ቤቱ ያስቀርና ባዶ ኬዙን ነው ወደ ሱቅ የሚያመጣው። በዲስኩ ላይ የእናት፣ የሚስት፣ የእህት ፎቶ አለ፤ ባዳ ወንድ እንዲያየው አይፈለግም። እኔ በመጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ሞተር አውልቆ መኪና ይሠራልኝ እንደማለት ነው። ዓም ኢድሪስ ግን አልተቆጡም። ስክሪኑን ወደ ባለቤቱ አዞሩት፤ እሳቸው ከኋላው ተቀምጠው እየጠየቁ ሠሩ። ፋይል ሲገለበጥ ስንት እንደሆነና ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ባለቤቱን ያስነብቡታል፤ ከፍተው አያዩም። በዚህ የተነሳ ዲስኩን ቤት አስቀርተው የሚመጡ ሰዎች ለሳቸው ብቻ ይዘውት ይመጡ ጀመር። ዕድሜዬ ሲገፋ እኔም ይህን ስም ወረስኩ፤ ዐይኑን የሚይዝ ሐበሻ ተባልኩ።

በዚህ ስም ብዙ ቦታ ሄጃለሁ። ጂዛን ከተማ የባሕሩ ጨው የኬብሉን ጫፍ ያዝገዋል፤ ዲስክ ሞተ ተብሎ ከመጣው ግማሹ በማጥፊያ ላጲስ ፈግፍጌው የተነሳ ነው። አል-ዒዳቢ የእርሻው አቧራ ማራገቢያውን ያንቀዋል፤ የአንድ ገበሬ ማሽን ውስጥ የማንጎ ቅጠል አግኝቼ ለባለቤቱ በሰሃን አቅርቤለታለሁ። አል-ዓሪዳ ደግሞ መንገዱ ነው ጠላቱ፤ ዲስኩ ሳይነቀል በፒክአፕ ተጭኖ ሲንገጫገጭ መርፌው ይነካበትና ያልቅለታል። ስለዚህ ለአል-ዓሪዳ ሰዎች «እናንተ አትምጡ፣ እኔ እመጣለሁ» ማለት ጀመርኩ። የምጽፍላችሁም እዚያ ስለገጠመኝ ነገር ነው።

ያሕያ የሚባል ሰው ደወለልኝ። ቤታቸው ኮረብታው ላይ ነው፤ ፍየሎችና ትንሽ እርሻ አላቸው። እናቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ግን ውስጡ የእናቲቱ ፎቶ ስላለ ወደ ሱቅ አይወጣም፤ ሌላ ዲስክ ላይም አይገለበጥም። ሴትዮዋ በሕይወቷ ካሜራ ፊት አልቆምም ያለች ነበረች። አንድ ዒድ ቀን ብቻ ለልጇ፣ ለያሕያ እህት፣ እሺ ብላ ተነሳች። እሱን ፎቶ ያነሳው ስልክ ጠፍቷል፤ የቀረው ዲስኩ ላይ ያለው ነው።

በታክሲ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ኢቃማዬን ሁለት ቦታ አሳየሁ። መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ መቀበያ ክፍል የተቀበለችኝ ዘሃራ ናት፤ የቤቱ ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ። ስታየኝ በአማርኛ፣ «አያ ይመር ማለት አንተ ነህ? ወላሂ ሽማግሌ ነው ብለውኝ ነበር» አለች። «ነኝ እኮ» አልኳት። አሮጊቷን ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ወደ ቂብላ አዙራ ያስተኛች እሷ ነበረች። ኡሚ ነው የምትላት፤ እናቴ ማለት ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ያሕያ ኤስ ኤስ ዲ የሚባል አዲስ ፈጣን ዲስክ ገዝቷል፤ ትንሽ ስለሆነ ሲስተሙን እንጂ ፎቶውን ሁሉ አይችልም። አሮጌውን ዲስክ ነቀልኩ፤ አዲሱን አሰርኩ፤ ዊንዶውሱን በዐረብኛ ጫንኩበት። አዲስ ሲጫን አሮጌው ከኬብሉ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ የሚለው የዓም ኢድሪስ ሕግ ነው። ከዚያ አሮጌውን መልሼ ሰካሁ፤ ስክሪኑን አዞርኩና ወደ ውጭ ወጣሁ። የያሕያ እህት ገብታ የፎቶውን ፎልደር ከፍታ አየች፤ ሁሉም አለ ብላ ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመለሰች። ፎልደሩን ግን ሳትዘጋው እንደሄደች ዘሃራ ነገረችኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አሮጌው ዲስክ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በመጀመሪያው የድሮው ዊንዶውስ፣ በሁለተኛው ፎቶዎቹ። የድሮው ዊንዶውስ ያለበት ክፍል ፎርማት ተደርጎ፣ ማለት ተጠርጎ፣ ባዶ ቦታ እንዲሆን ነው። ስክሪኑ ላይ የቤቱ ሴቶች ፎቶ ተዘርግቷል፤ ስለዚህ አላየውም። ዘሃራን ፎልደሩን እንድትዘጋው ብጠይቃት፣ «እንዲያው አንድ ነገር ብነካና ቢጠፋ?» ብላ እምቢ አለች። «እንግዲያው አንቺ ዐይን ሁኚልኝ» አልኳት። ማውሱ እሷ ዘንድ፣ ኪቦርዱ እኔ ጭን ላይ ሆነ። የዲስኮቹን ገጽ፣ ክፍሎቹ እንደ ሳጥን የሚደረደሩበትን፣ በኪቦርድ ከፈትኩላት።

«ታችኛው ረድፍ ላይ ስንት ሳጥን አለ?»

«ሁለት።»

«በግራሽ ያለውን በማውሱ ቀኝ ተጫኚው።»

«ተጫንኩ። ጽሑፍ ዘረገፈ።» በልጅነቷ ቁርኣን ስለቀራች ፊደሉን ትለይ ነበር፤ የፎርማቱን ቃል አስፈልጌ አስነካኋት።

«ጥያቄ መጣ» አለች።

«እሺ በይው።»

«ሌላም ጥያቄ መጣ።»

«እሺ በይው።»

ያ ሁለተኛ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማንም የማይጠቀምበት ክፍል አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቅ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ክፍሉ አሁን ተከፍቶ ሥራ ላይ ነው፣ ልቀጥል ወይ ማለት ነው። የተከፈተው የፎቶው ፎልደር ነበር፤ በኪቦርድ ራሴ ልዘጋው ስችል አላሰብኩትም። እንግሊዝኛ በሆነ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ክፍል በግራ ይቀመጣል፤ በዐረብኛው ግን ገጹ በሙሉ ስለሚገለበጥ መጀመሪያው በቀኝ ነው። ይህን አላውቅም ነበር አልልም። ዐይኔ እያየ ሲሠራ እጄ ራሱ ያስተካክለው ነበር፤ በቃል ስናገር ግን ከአፌ የወጣው የሱቄ ግራ ነው።

«አያ ይመር» አለች ዘሃራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሱራዎቹ የሉም።» ሱራ እዚያ ፎቶ ማለት ነው።

እጄ ቀድሞኝ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ያሕያ ድምፅ ሰምቶ ከግቢው ገባ፤ ፊታችንን አየና፣ «ማነው የነካው?» አለ። ማውሱ ዘሃራ እጅ ላይ ነበር። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው» አልኩት። ወደ እኔ አልዞረም። እሷን እያየ፣ «ኢቃማሽ ሊያልቅ ነው አይደል? መጀመሪያ የእናቴ ሱራ ይገኝ፤ ከዚያ እናያለን» አላት። ኢቃማዋ ካልታደሰ መጨረሻው የሕገ ወጦች ማቆያ እስር ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ አገር መጫን። እናትና አባቷ የሚበሉት እሷ ከምትልከው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ዓም ኢድሪስ ያኔ አገራቸው ገብተው ነበር። ደወልኩላቸው። አልጮኹብኝም።

«ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ላይ የጻፍከው ነገር አለ?»

«የለም። ወዲያው ነቀልኩት።»

«እንግዲያው ፎቶዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ የጠፋው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አዲሱ ዲስክ ላይ ጫን፤ የሚገኘውንም እዚያው አዲሱ ላይ እየከፈልክ አስቀምጥ። አሮጌው ላይ አንዲት ፊደል እንዳታሳርፍ። ግን ይመር፣ ስማቸው ጠፍቶ ነው የሚመጡት። ማን ያይልሃል?»

ጭንቁ እሱ ነበር። የዚያ ሁሉ ዓመት ፎቶ ስምና ቀን ሳይኖረው ተበታትኖ ይመጣል፤ አንዲቱን ለማግኘት አንድ ሰው ሁሉንም በዐይኑ ማየት አለበት። እኔ አልችልም። የያሕያ እህት ጀመረችው፤ ጥቂት እንዳየች እናቷ የኖረችበትን ክፍል አይታ አለቀሰችና ተወችው። ዘሃራ መሐረሟን አጥብቃ፣ «እኔ አያታለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚለያት የለም» ብላ ተቀመጠች።

እንዲህ ሆነን ብዙ ቀን ሠራን። ጠዋት ከጂዛን እወጣለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ። እኔ ከስክሪኑ ጀርባ፣ እሷ ከፊቱ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ያሕያ ግቢው ውስጥ ፍየሎቹን እያየ እኛንም ያያል። ማሽኑ ሲያስቸግር እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ በኪቦርድ አስተካክላለሁ። እሷ የምታየውን ትነግረኛለች፤ ሰው ከሆነ ዝም ትላለች፣ ሌላ ከሆነ ትናገራለች።

«ፍየል። ፍየል። ይኼም ፍየል ነው፤ ቀይዋ ናት፣ ያቺ ቅጠሌን የበላችብኝ።» ትንሽ ዝም። «የድሮው ቤት። ከድንበሩ ጠረፍ ተነስተው ወደዚህ ሳይመጡ የነበሩበት።» እንደገና ረጅም ዝምታ። ዝም ባለች ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ፣ «አይደለችም» ትላለች።

አንዳንዱ ፎቶ ተቆርጦ ነበር የሚመጣው። ፎቶ ዲስኩ ላይ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጻፍ፤ ቁራጮቹ ተራርቀው ተቀምጠው ከሆነ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ያገኝና የቀረውን አመድ የመሰለ ቀለም ይሞላበታል። ይህን ለያሕያ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። «ፊቷ ብቻ ይገኝ» አለኝ። ልመና ነበር ድምፁ፤ ያን ጊዜ በእሱ ላይ የያዝኩት ቁጣ ወጣልኝ። እናቱን የሚፈልግ ሰው ነው።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ዘሃራ ዝም አለች። የቁልፉ ድምፅም ቆመ። ጠበቅሁ። «አገኘኋት» አለች። ተነስቼ ወደ ግቢ ወጣሁና ያሕያን ጠራሁት፤ እህቱም ከውስጥ መጣች። እኔ ከፍየሎቹ ጋር ቆሜ የእህቱን ለቅሶ በመስኮት ሰማሁ፤ የደስታ ይሁን የሐዘን መለየት አልቻልኩም፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ያሕያ ዐይኑ ቀልቶ ወጣ። እጄን ይዞ፣ «ታችኛው ግማሽ አመድ ሆኗል፤ ግን ፊቷ አለ፣ ፈገግ ብላለች። አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «የዘሃራን ኢቃማ ነገ አሳድሳለሁ» አለ።

ዕቃዬን ልሰበስብ ተመልሼ ስገባ ዘሃራ ብቻዋን እንደተቀመጠች ነበር።

«በቃ እረፊ፣ ተገላገልሽ» አልኳት። «ኢቃማሽንም ነገ ያሳድሳል።»

«አያ ይመር፣ ያ አመድ የሆነው ቦታ አይመለስም?»

«ምን ያደርግልሻል? ፊቷ ተገኝቷል።»

«እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች። «እግሯ ሥር ተቀምጬ ሂና እየቀባኋት ነበር። እጇ ራሴ ላይ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ከሰው ጋር የተነሳሁት እሱን ብቻ ነው። ለእናቴ እልከዋለሁ ብዬ ስጠብቅ ኡሚ ሞተች፤ ከዚያ መጠየቅ ፈራሁ።»

ዲስኩን እንደገና ብፈትሽ፣ በሌላ ፕሮግራም ቀስ ብዬ ብሞክር የቀረው ቁራጭ ሊገኝ ይችል ነበር፤ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ይሞከራል። ይህንኑ ነገርኳት። «ጊዜ ያስፈልገዋል። ለያሕያ ልንገረው» አልኩ።

«ተው። ምን ብለህ ትነግረዋለህ?»

እውነቷን ነው። ታች ማን እንዳለ ካወቅሁ ወይ ፎቶውን አይቻለሁ፣ ወይ እሷ የቤቱ እመቤት ፊቷን የገለጠችበትን ፎቶ ለባዳ ወንድ ተርካለች። ሁለቱም እዚያ ቤት ይቅርታ የለውም። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ያሕያ ሻይ ይዞ ገባ። ካቻቢቴው በእጄ እንዳለ፣ «አንድ ሁለት ቀን ብትሰጠኝ የታችኛውንም እሞክራለሁ» አልኩት።

«አሮጌው ዲስክ ከዚህ በላይ ባይነካ ይሻለኛል፤ የምንፈልገው ተገኝቷል፤ የቀረው ለባዳ ዐይን እንዳይውል ዛሬውኑ በመዶሻ እሰብረዋለሁ፤ ኸላስ፣ በቃ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ በቅን ልቡ ጠየቀኝ፤ «ታች የሚፈለግ ነገር አለ እንዴ?»

ዘሃራ የሻይ ብርጭቆዎቹን ወደ ትሪው እየመለሰች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ወደ ግራና ቀኝ በትንሹ ነቀነቀች።

«የለም» አልኩት።